የእማማ ጥሩነሽ ልክ

ሐሙስ፣ የካቲት 29፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፤ ቢሮ

ፎቶው ወጣ። እኔ ለሳምንት ያልተኛች ሴት መስያለሁ፤ ታ. ደግሞ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው። ፎቶ አንሺው ለፓስፖርት ከበቂ በላይ ነው አለ። (ታ. ባሌ ታደሰ ነው። እስከ ትናንት ሙሉ ስሙን ነበር የምጽፍልህ። ገጽህ እያለቀ ስለሆነ ነው ያሳጠርኩት፤ አትቀየመኝ ደብተሬ።)

የመውጫ ቪዛ ገና። ዋስ አምጡ ተባልን፤ ወሰድን። አሁን ደግሞ የዋሱ መ/ቤት ደብዳቤ ይጻፍለት ይላሉ። እኔም እዚህ ባለጉዳይ ሳመላልስ ነው የምውለው፤ በራሴ ሲደርስ ግን አበገነኝ።

ግድ የለም። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ነን። ከኮልፌ ርቄ የሄድኩት ቢበዛ ዓባይን ተሻግሬ ቢቸና፣ አማቴ ቤት ድረስ ነው። አሁን በአውሮፕላን! መነኮሳቱ ቅዳሜ ማታ በጌታ መቃብር ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ ከበሮ እየመቱ ሲዞሩ፣ ምእመኑ ጧፍ ይዞ ሲከተል፣ ከሄዱ ሰዎች ስንቴ እንደሰማሁት። በሐሳብ ስንቴ ዞሬያለሁ። ዘንድሮ በእግሬ።

አለቃዬ መጣ። ልደብቅህ።

ሰኞ፣ መጋቢት 3፤ ከቀኑ 11 ሰዓት፤ ቤት

ዝናብ። አጠና ተራ በኩል ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከፌርማታ እስከ ቤት አንድ ጫማዬን በእጄ ይዤ መጣሁ።

ታ. ሻንጣ ገዝቶ ጠበቀኝ። ጉዞው ሚያዝያ 10 ነው፤ እሱ ግን ዛሬውኑ ማሰናዳት ጀምሯል። ሸሚዝ አይደለም የከተተው። ክር ነው። የእናቱን ልክ።

አልነገርኩህም መሰለኝ። አምና እማማ ጥሩነሽ በጠና ታመው ነበር። ታ. ያን ጊዜ ተሳለ፤ ከዳኑለት ኢየሩሳሌም ሄዶ ሊሳለም። ዳኑ። ለገና ልንነግራቸው ሄድን። ደስ አላቸው፣ አለቀሱ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ አዘዙት፤ የተባረከ መግነዝ እንዲያመጣላቸው። እዚያ የደረሰ ሁሉ ይዞ ይመጣ የለ። ልኬን ውሰድ ብለው በፈተሉት ክር መደቡ ላይ ተጋደሙ። ታ. ከራሳቸው ያዘ፣ እኔ ከተረከዛቸው።

«እንዳታሳጥሩብኝ» አሉ እየሳቁ፤ «እግሬን ይበርደኛል።»

ያን ዕለት ብቻ ነው ከእኔ ጋር የሳቁት። አልወደዱኝም ነበር። ልጅ አልወለድኩም፤ የጽሕፈት መኪና ላይ ስደበድብ መዋሌም ሥራ አይመስላቸውም። እኔም ስለ እሳቸው ብዙ ክፉ ነገር ጽፌብሃለሁ። ያን ዕለት ግን ሰውነታቸው ከክሩ በታች እንዴት ትንሽ እንደሆነ አየሁ።

ዓርብ፣ መጋቢት 7፤ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ቢሮ

እማማ ጥሩነሽ ሞተዋል።

ጋሽ በላቸው ናቸው የነገሩኝ፤ የታ. ታላቅ ወንድም። ከአስኮ ተነስተው ቢሮ ድረስ መጡ። ዘበኛው ሲጠራኝ የቪዛው ጉዳይ መስሎኝ እየሮጥኩ ነበር የወረድኩት። አጥር ጥግ ወሰዱኝ። ማክሰኞ አርፈው ረቡዕ፣ ለአቦ ዕለት ተቀብረዋል። ከአገር ቤት የተላከ ሰው ትናንት ደርሶ እሳቸውን አረዳቸው። ለታ. ግን እንዳይነገር ተወስኗል። ጋሽ በላቸውና የነፍስ አባታቸው ቁጭ ብለው መከሩ፤ ከሰማ ሐዘን ይቀመጣል፣ ከተቀመጠ አይሄድም፣ ካልሄደ ስለቱ ይቀራል። ስለዚህ ሄዶ ተሳልሞ ይምጣ፤ ሲመለስ በወጉ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይረዳል።

ለእኔ የነገሩኝ ቤቱን እንድጠብቅ ነው። የሚመጣውን ሰው በር ላይ እንድይዝ። ቃል ከአፌ እንዳይወጣ አስማሉኝ፤ ማልኩ።

እንዴት አልማልም? ወግ ነው። አባቴ ሲሞት እኔም እንዲሁ ነበር የተደረግሁት። ሁሉም አውቆ እኔ ብቻ ስስቅ ከርሜ።

አለቃዬ ፊቴን አይቶ አመመሽ ወይ አለኝ። ጥርሴን ነው አልኩት። አምስት ደብዳቤ ተየብኩ። ሦስቱን አበላሸሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 10፤ ቢሮ፤ ጠዋት

ቤት ውስጥ ቲያትር እየሠራሁ ነው። ቅዳሜ አንድ የቢቸና ሰው መጣ፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ! በር ላይ ደርሼ ያዝኩት። እዚያው አጥር ሥር አስተካክሎ ለበሰና ገባ፤ ታ. ስለ ዝናቡ አጫወተው። ሰውዬው ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ። ታ. እንዲህ የሚያስቸኩለው ምን ሆኖ ነው አለኝ። እኔ እንጃ አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ ሙሉም ሰምተዋል። ከማን አትበለኝ፤ ኮልፌ ነው። እሳቸው ጴንጤ ናቸው፤ እኛ ቤት ዝክር ሲሆን ብቅ አይሉም፤ ስታመም ግን ሾርባ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። ዛሬ በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። ከጠየቀኝ አልዋሽለትም፣ ካልጠየቀኝ ግን አፌን አልከፍትም አሉ። ታዲያ አይጠይቅዎት አልኩ በልቤ።

ቢሮ ውስጥ ስለ ወሎ ረሃብ በሹክሹክታ ይወራል። ጃንሆይ ከግድግዳው ላይ ያዩናል፤ የሚተየብ ነገር ግን አልመጣም። እዚህ አገር ሞት ሁሉ ሲቆይ ነው የሚነገረው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 18፤ ከቀኑ 10 ሰዓት፤ ቤት

ቪዛው ወጣ። እልል ማለት ነበረብኝ። ታ. ሁለቱን ፓስፖርት ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ እንደ ልጅ ያያቸዋል።

ከዚያ ወጥቶ ጋቢ ገዝቶ መጣ። ክረምት ሳይገባ ለእማዬ ልላክላት አለ። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው አገኛለሁ አልኩና ተቀበልኩት። አስኮ ወስጄ ለጋሽ በላቸው ሰጠሁ። ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ክዳኑን ሲዘጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር።

ልዋሽህ አልችልም። መሄድ እፈልጋለሁ። ዝም ያልኩት ለወጉ ብዬ፣ ለስለቱ ብዬ ነው እላለሁ። ግን ደግሞ አውሮፕላኑን እፈልጋለሁ፤ ጧፉን፣ ጣራውን። የሰው እናት ሞታ እኔ የትኛውን ቀሚስ ልያዝ እያልኩ ነው። ራሴን ጠላሁት።

አርባቸውም እኛ እዚያ ሳለን ነው የሚውለው። እሱ ለጤናቸው ሲጸልይ እዚህ ፍታት ይደረጋል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 25፤ ቢሮ

ታ. ትናንት ከሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አምሽቶ ገባ። እራት አልበላም፤ ሆዴን ነው አለ። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ዳዊት እየደገመ አገኘሁት። ለክፍል እስኪዘገይ ድረስ ደገመ። በጾም ዳዊት መድገሙ አዲስ አይደለም። እንዲህ ቀስ ብሎ ግን ደግሞ አያውቅም።

ጢሙን አልተላጨም። ምላጩ ዶልዱሟል አለ። ያለፈው ቅዳሜ ነው አዲስ የገዛው።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 2፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፤ ቢሮ

ያውቃል።

እንዲህ ነው። ዛሬ ጠዋት ካልሲዎቹን ልክተት ብዬ ሻንጣውን ከፈትኩ። ክሩ የለም። ሸሚዙን አነሳሁ፣ ፎጣውን አነሳሁ። የለም። ሌባ እንደገባ ሁሉ ደነገጥኩ።

«ክሩስ?» አልኩት።

ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና አላለም። «ይቅር። እዚያ በልክ አይሸጡም አሉ።»

ውሸት ነው። በልክ ቆርጠው እንደሚሰጡ ጠይቆ ያጣራው ራሱ ነው። ለእኔም የነገረኝ እሱ ነው፤ ሁለት ጊዜ።

ከወጣ በኋላ ዳዊቱን ገለጥኩ። ክሩ እዚያ ነው። ተጠቅልሎ፣ መሐል ገጽ ላይ።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነ። ሳምንት አልፎታል «እማዬ» ካለ። ጋቢው ደረሰ ወይ ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ወደ ቢቸና የሚሄድ ሰው ባገኘ ቁጥር አንድ ነገር ካልላከ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው!

ማን ነገረው? ለምን ዝም አለ? መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፤ መጻፍ ግን ፈራሁ። እስካልተረዳ ድረስ ሐዘንተኛ አይደለም። ሐዘንተኛ ካልሆነ መሄድ ይችላል። እኔም መሄድ እችላለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 5፤ ከቀኑ 8 ሰዓት፤ ቢሮ

ትናንት ማታ እትዬ ሙሉ ዘንድ ሄድኩ። ጠየቀዎት ወይ አልኳቸው። አልጠየቀኝም አሉ። ግን ከአሥር ቀን በፊት ገደማ እንዳዩት ነገሩኝ። አጠና ተራ፣ አንድ የአገሩ ሰው አቅፎት ሲለየው። የተረዳ መስሎት አጽናንቶት ይሆናል። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ታ. ከአጠናው ክምር ጀርባ ዞሮ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እትዬ ሙሉ በሌላ መንገድ ዞረው ሄዱ።

ሰው ለእናቱ ከአጠና ክምር ጀርባ ያለቅሳል? ድምፅ ሳያወጣ? አልጋ አንድ ነው፣ ገበታ አንድ ነው፣ የሞቱብን እናት አንድ ናቸው፤ ይሄው ሁለታችንም ስለ አውሮፕላን ትኬት እናወራለን።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ በፊት አስኮ ሮጥኩ። ጋሽ በላቸውን ለመንኳቸው፤ እሑድ ማለዳ ዘመድ ሰብስበው ያርዱት፣ ራሱ አውቆታል አልኳቸው። ተቆጡ። አወቀ ማለት ተረዳ ማለት አይደለም አሉ። ከተረዳ ቤት ይዞት ይቀራል፤ ለእናቱ የተሳለውን ሳያደርስ ከቀረ ዕድሜ ልኩን ይቆጨዋል። እኔ ተከራከርኩ። ድምፄን ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም።

ያን ጊዜ የተናገሩት ነው እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው።

«እኔስ፣ ዘውዴ? ለእኔም እናቴ ናት። ድንኳን ጥያለሁ? ለእሱ ብዬ አይደል እንዲህ ታፍኜ የተቀመጥኩት።»

ቤታቸውን አየሁ። እውነትም የሐዘን ቤት አይመስልም። ወንበሩ በቦታው ነው። የመጣ ሰው የለም። የሚያስተዛዝናቸው የለም። እጃቸውን ያዝኩ። የመሐላዬን ነገር ደግመው አስታወሱኝ፤ ቃል ከአፌ እንዳይወጣ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 6፤ ከቀኑ 9 ሰዓት፤ ቤት

ታ. ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጥቷል። ለጉዞው ነው። ጢሙን ግን አላስነካም ብሏል።

ሻንጣው ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል። ረቡዕ እንነሳለን። ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀኝ። መስኮቱ ላይ ቆሞ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ።

«አንቺ መሄድ ትፈልጊያለሽ አይደል?»

አዎ አልኩ። እውነት ስለሆነ። ራሱን ነቀነቀና ኮቱን አንስቶ ወጣ። በሩ ሲዘጋ ነው የገባኝ። ለስለቱ ብቻ አይደለም ዝም ያለው። ለእኔም ብሎ ነው። የእኔን ጣራ፣ የእኔን ከበሮ እንዳያበላሽ፣ እናቱን ዋጥ አድርጎ ይዞ ሊሄድ ነው። እዚያ በጌታ መቃብር ፊት እንኳ ስማቸውን ጮክ ብሎ ሳይጠራ ሊመለስ። ከዚያ እዚህ ማለዳ ሊያረዱት ሲሰበሰቡ እንግዳ ነገር እንደሰማ ሰው ሊጮህ።

አልቻልኩም። አለቀስኩ፤ ጮክ ብዬ። እትዬ ሙሉ በአጥር በኩል ሰምተው ይሆናል። ይስሙ። ለእማማ ጥሩነሽ አለቀስኩ፤ ያልወደዱኝ፣ ተረከዛቸውን የያዝኩት። ያለ ልካቸው፣ ባገኙት አቡጀዲ ተገንዘው እግራቸው ወጥቶ ይሆን? እያልኩ። ይህን ሳስብ ነው የወሰንኩት።

ነገ እሑድ ቀድሜው እነሳለሁ። ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ እለብስና ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ቃል አልናገርም። የማልኩት ቃል ከአፌ እንዳይወጣ ነው፤ ስለ ነጠላ የጠየቀኝ የለም። ጋሽ በላቸው ይቆጡ። በኋላ እሄድና እግራቸው ላይ እወድቃለሁ፤ ከፈቀዱልኝም አብሬያቸው አለቅሳለሁ።

ታ. ሲወጣ ያየኛል። ከዚያ ረቡዕ ቢሄድም፣ ቢቀርም፣ እሱ ያውቃል። ከሄደ ክሩን ሻንጣው ውስጥ መልሼ እከትታለሁ፤ መግነዙ ለባለልኩ ባይደርስም ይምጣ። ከቀረ እኔም እቀራለሁ። ጣራው የትም አይሄድም። ግን አልቅሶ ይሂድ። ወይም አልቅሶ ይቅር።

ነጠላውን አጥቤ አጥሩ ላይ አስጥቼዋለሁ። ገና አልደረቀም። ከአስኮ በኩል ደመናው ጠቁሯል፤ ሳይዘንብበት ላስገባው።