ከተራ ቁጥር ሁለት የሚጀምረው አቤቱታ

የሺዬ፣ የልጆቼ እናት፣

ከተለየሽኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ሁለቱንም ዶሮ እኔው ነኝ የበለትኩት። አንደኛው አሥራ አራት ብልት ሆኖ ወጣ፣ ሁለተኛው ደግሞ አሥራ አንድ። ብታዪ ሆድሽን ይዘሽ ትስቂብኝ ነበር። ጌሾሽ ከአጥሩ በላይ አድጓል። ትልቋ ልጃችን ደጀን ተመድባ እያስተማረች ነው፤ እሑድ እሑድ እየደወለች መብላት አለመብላቴን ትመረምረኛለች። ቁጣዋ ቁርጥ አንቺን ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ለወሬ ብቻ አይደለም። ማክሰኞ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። ምክር ቤት ቀርቤ እንድናገር ተጠርቻለሁ፤ አዎ፣ እኔ፣ ሠርጋችን ላይ ሁለት ቃል መናገር አቅቶኝ ላብ ያጠመቀኝ ሰውዬ! የማይድን ሕመም የያዘው ሰው እቤቱ ሆኖ እንዲታከም፣ ማስታገሻውንም የሠለጠነች ነርስ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ መስጠት እንድትችል ሕግ ይውጣልን ብለን አቤት ብለናል።

በመጀመሪያ ግን ጥፋቴን ልናገር። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ካንሰር መሆኑን ሲነግረኝ፣ ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም ብዬ ስላደግሁ፣ ላንቺ ጨጓራ ነው አልኩሽ። ሁለት ወር ሙሉ ተልባ አጠጣሁሽ። አንቺም ፊትሽን እያጨማደድሽ ጠጣሽልኝ። ለካስ ታውቂው ኖሯል! ከአርባሽ በኋላ እህትሽ ጥሩወርቅ ከሞጣ መጥታ ስትነግረኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ማወቄን እንዳትነግሪው፣ ይሰበርብኛል ብለሻት ነበር አሉ። አንድ አልጋ ላይ ተኝተን አንድ ነገር ስንደባበቅ ከረምን። ስንት የምንነጋገረው ነገር ነበረን፣ የሺዬ። ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሲስተር ዘሃራን ታስታውሻታለሽ፣ ከደሴ ተመድባ የመጣችውን ነርስ። ሕመሙ ሲብስብሽ ለዚህ የሚሆን ሽሮፕ አለ ያለችኝ እሷ ናት። መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፣ አወሳሰዱንም ተምሬዋለሁ፣ ማዘዝ ግን አልተፈቀደልኝም ስትለኝ እንባዋ መጣ። ሐኪም በልዩ ወረቀት ካላዘዘው አይገኝም፤ ያውም ባሕር ዳር ድረስ ተሂዶ፣ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ብቻ።

የመጀመሪያዋን ጠርሙስ ያመጣሁልሽ ዕለት እንዴት እንደተኛሽ! ስትነቂ ያየሽው እርጥቡን እንጨት ነው፤ ይሄን ማን ገዛው ብለሽ ወረድሽብኝ። ስትቆጪኝ ደስ አለኝ፤ በደስታ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ በስድስት ቀን ውስጥ የልጅነትሽን ሁሉ አወራሽኝ፤ ሞጣ ገበያ ጠፍተሽ የዋልሽበትን ቀን ሳይቀር። ሕመም ሲለቅሽ አንቺው ራስሽ ነበርሽ።

ጠርሙሱ ሲያልቅ ተመልሼ ሄድኩ። መድኃኒቱንም አገኘሁ። ስመለስ መንገዱ ተዘጋና ሞጣ ላይ ሁለት ቀን ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ግንደወይን ስንደርስ ስልኬ ጠራ፤ ወንድምሽ ነው። ደክማለችና ቶሎ ና አለኝ። እኔም ራሴ ለስንቱ ሰው እንዲህ ብዬ ደውያለሁ፤ ደክማለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላጣሁትም። በራችን ስደርስ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። የእድሩ ጸሐፊ ነኝና የዚያን ድንኳን ቀዳዳ ሁሉ አውቃለሁ። አግዳሚው ተደርድሯል፣ ውኃው ተቀድቷል፣ ሰው ሞልቷል። ሁሉም የተሰናዳው በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ጠርሙሱ እንደታሸገ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ያን ቀን ከሐዘኔ ጋር ንዴት አብሮኝ ተቀመጠ። ለሞተ ሰው በአንድ ሰዓት የምንደርስ ሰዎች፣ ለሚሰቃይ ሰው ስድስት ወር ሙሉ እግዜር ይማርሽ ብለን ብቻ እንሄዳለን? ዓመትሽ እንዳለፈ የእድሩን ሰው ሰብስቤ ልነግረው ቆረጥኩ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት፤ አንቺ ብትኖሪ አታስደርጊኝም ነበር። በእኛ እድር ጡሩንባ የሚነፋው ለሞት ብቻ ነው፤ ስብሰባ በወረቀት ነው የሚጠራው። እኔ ችኩሉ ግን ጡሩንባ ነፊያችንን አያ አላምረውን ጠዋት በሬ ላይ ንፋልኝ አልኩት። እሱም ሳይጠይቅ ነፋው። ማን ቆሞ ይሰማል? ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ ወደ እኔ በር መጣ። ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ገና ከመታጠፊያው ጀምራ ስሜን እየጠራች ታለቅሳለች። ብቻውን የሚኖር ሰው፣ በሩ ላይ ጡሩንባ ሲነፋ ሌላ ማን ሞተ ይባላል? በእግሬ ወጥቼ ደጃፉ ላይ ስቆም አፏ ተከፍቶ ቀረ። ከዚያማ አትጠይቂኝ! ሟርተኛ፣ በቁምህ ያስለቀስከኝ ብላ የስድብ መዓት አወረደችብኝ። ገሚሱ ሳቀ፣ ገሚሱ ተቆጥቶ ሊሄድ ተነሳ።

እኔም ሌላ ቀን እንደማላገኛቸው ስለገባኝ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ይኸው ለሬሳዬ እንዲህ ሮጣችሁ መጣችሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገር ግን ነገ ስታመም ማን ይመጣልኛል አልኳቸው። ስለ ተልባው፣ ስለ ጠርሙሱ፣ ስለ ግንደወይኗ ስልክ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሲስተር ዘሃራም ሕጉ ምን እንደሚከለክላት አስረዳች። እኔም ሕግ እንዲወጣልን አቤቱታ እንፈርም አልኳቸው። ቀድማ የተናገረችው እትዬ ስንዱ ናት። ይሄ ሽሮፕ ልጄ ታሞ የሞተብኝ ጊዜ ቢኖር እንደዚያ አይጮህም ነበር ወይ ብላ ጠየቀች። ዘሃራ አዎ አለቻት። እትዬ ስንዱ ነጠላዋን ወደ ደህናው መልሳ ለበሰችና አውራ ጣቷን ለፊርማ ዘረጋችልኝ። ያን ቀን ሳይፈርም የሄደ ሰው የለም።

ጥሩወርቅ ሞጣን ተረከበች፤ እንዳንቺው እምቢ የሚላት ሰው የለም። ዘሃራ የሙስሊሞቹን እድር አስፈረመች። ከግንደወይንም ሳንጠይቃቸው ወረቀት ላኩልን። ደንባችንንም አሻሻልን፤ አሁን ሰው ሲታመም በተራ እየሄድን እናስታምማለን። ባለፈው ሳምንት ያንኑ የለቅሶ አግዳሚ አንድ በሽተኛ ቤት ወሰድነው። ሰውዬው ከአልጋው ወርዶ ጥግ ላይ ተቀመጠና፣ እኔም ሳልሞት ልቀመጥበት ብሎ አሳቀን። መድኃኒቱን ግን አሁንም የሚያመላልሱት ልጆቹ ናቸው። እሱን እኛ በደንባችን ልንፈታው አንችልም፤ ለዚህ ነው ሕግ የምንለምነው።

አልፈራሁም፣ የሺዬ። ዘንድሮ እምቢ ቢሉን ለከርሞ እንመለሳለን፤ ሕጉ ሳይወጣ የሚተኛ ሰው በእኛ መካከል የለም። የማይድነውን በሽተኛም ሕመሙን ደብቀን አናታልለውም ብለን ተማምለናል፤ ይህንን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። በአቤቱታው ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት ያንቺን ስም ነበር። ቀበሌ ማኅተም የሚመታው ሰው አይቶ፣ ሟች አቤት ማለት አትችልም፣ ሰርዘው አለኝ። እጄ አንቺን ለመሰረዝ እምቢ አለኝ። ገጹን እንደ አዲስ ገለበጥኩትና ከሁለት ጀመርኩ፤ ሰዉም እንደገና ፈረመልኝ። ሁለተኛዋ እትዬ ስንዱ ናት፣ ሦስተኛው አያ አላምረው። ማክሰኞ ከምክር ቤቱ ሰዎች አንዱ ተራ ቁጥር አንድ የት አለ ብሎ ከጠየቀኝ፣ ቆሜ ስምሽን እነግራቸዋለሁ። ባይጠይቁኝም እነግራቸዋለሁ።

የአንቺው አንዷለም፣
ከቢቸና