በግራ በኩል ያለው ሰው

ጋምቤላ፣ ኒውላንድ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1988 ዓ.ም.

ውድ በሪሁን፣

«በግራ በኩል፦ በጎጂ ልማድ ፊቱ የተበላሸ ሰው። በቀኝ በኩል፦ ሕክምና አግኝቶ ፊቱ የተስተካከለ ሰው። ልጆቻችንን ከዚህ እንጠብቅ።»

ይህን ቃል በቃል የገለበጥኩት ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት ካሳተምከው ፖስተር ላይ ነው። አንዱ ትሠራበት በነበረው ክሊኒክ በር ላይ፣ ሌላው ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በግራ ያለው ሰው እኔ ነኝ። በቀኝ ያለውም እኔ ነኝ። ጽሑፉ የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ አራት ነጥቡ እንኳ በየቦታው ነው። ይህን ያነሣሁት ላመሰግንህ አይደለም። ለምን እንዳነሣሁት ወደታች ስትወርድ ትደርስበታለህ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ልጄን ኛጋይን ታውቃታለህ። እናቷ ስትሞት ለቅሶ መጥተህ፣ ከማንም ጋር አልናገርም ያለችውን ልጅ በእጅህ ይዘህ ስንት ጥርስ እንዳላት ያስቆጠርካት ናት። አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሞላት። ከሁለት ሳምንት በፊት ደብተሯን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ኢታንግ አያቷ ዘንድ ሄዳለች። ጥር ሲያልቅ፣ ከብቶቹ ወደ ወንዙ ዳር ከወረዱ በኋላ፣ ስድስት የታች ጥርሶቿን ልታስወልቅ ነው። ያስገደዳት የለም። ለዚህ ያበቃት ያንተ ፖስተር ነው። ወይም የእኔ። የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት አላውቅም፤ ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ አራት ጊዜ የቀደድኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመቱን ትምህርት ቤት ታስታውሳለህ? ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሰባተኛ ክፍል አማርኛ ላስተምራችሁ ስመጣ፣ ኑዌር አማርኛ ሊያስተምር መጣ ተብሎ የሌላ ክፍል ተማሪ ሁሉ በመስኮት ያየኝ ነበር። ግንባሬ ላይ ስድስት መስመር አለ፤ ከታች ጥርስ የለኝም። «ሰ»ን ስል ትንፋሼ በክፍተቱ እያፏጨ ይወጣል። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ዞር ስል አንተ የታች ከንፈርህን ወደ ውስጥ አጥፈህ እንደ እኔ እየተናገርክ ነበር። ከንፈርህን መመለስ እንኳ ረስተህ ደርቀህ ቀረህ። አልመታሁህም። «ጀምረኸዋል፤ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው» አልኩህ። እያለቀስክ ጨረስከው። ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሉ ውስጥ ከሁሉም የሚበልጥ የእጅ ጽሑፍ ያንተ ሆነ።

በሌላ ጊዜ የተናገርኩትን ደግሞ ሁላችሁም በቃላችሁ ይዛችሁት ነበር፤ «ያልተጻፈ ነገር እንዳልተባለ ቁጠሩት።» ይህን ለልጄም አስተምሬያታለሁ። ዛሬ የሚያንቀኝ እሱ ነው።

ከሃያ ዓመት በላይ አልፎ በ1986 የላይኛው መንጋጋዬ ቢያመኝ ወደ ክሊኒኩ መጣሁ። ነጭ ጋወን ለብሰህ ስትቆም አላወቅሁህም። አንተ ግን ገና ከበሩ ስገባ አወቅኸኝ።

«መምህር፣ ጥርስ የተማርኩት በእርስዎ ምክንያት ነው» አልከኝ።

አፌ በጥጥ ተሞልቶ ስለነበር አልመለስኩልህም። ሰውን ስላሾፍክበት ነው ወይስ ስለወደድከው ነው ሙያ የምትማርለት? እስከ ዛሬ አልጠየቅሁህም።

ያኔ የክልሉ ምክር ቤት ገና መቋቋሙ ነበር፤ አባል ሆኜ አዲስ አበባ ስብሰባ ላይ ንግግር ላደርግ ተመርጬ ነበር። ይህን ስነግርህ፣ «እንግዲያው ጥርስ ላሠራልዎት» አልክ። የድዴን ቅርጽ በሰም ወሰድክ። «ለካርድዎ ነው» ብለህ ፎቶ አነሣኸኝ። ግንባሬንም እያየህ፣ «ጠባሳውን የሚያደበዝዝ ቅባት አለ፤ ጥዋትና ማታ በስሱ ይቀቡት፤ ፀሐይ አያስነኩት» አልከኝ። በጋምቤላ ፀሐይ! ሆኖም አሥራ አምስት ቀን ተቀባሁ። ቆዳዬ ተቆጥቶ ሽፍ አለ፤ መስመሮቹ ግን ከነበሩት ይበልጥ ጎልተው ወጡ። ለማንም ሳልናገር ብልቃጡን ጣልኩት።

ጥርሱን ግን ለበስኩት፤ በዚያው ዕለት ደግመህ ፎቶ አነሣኸኝ። በወረቀት የሰጠኸኝን ምክር አንድም ሳላጓድል ፈጽሜያለሁ፦ ሲተኙ አውልቀው ንጹሕ ውሃ ውስጥ ይክተቱት፤ በለስላሳ ብሩሽ ይጠቡት፤ በአመድም በከሰልም አይፈትጉት፤ ድድዎን በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ። አዲስ አበባ ንግግሬን ሳደርግ «ሰ» አላፏጨችም። ማንም ፈገግ አላለም። ደስ አለኝ በሪሁን። ልዋሽህ አልፈልግም፤ በጣም ደስ አለኝ።

ስመለስ እናቴን ልጠይቃት ኢታንግ ሄድኩ። አፌን አይታ፣ «የማን ጥርስ ነው ይሄ?» አለችኝ።

«የኔ ነው።»

«ያንተንማ እኔ ራሴ ወንዝ ዳር ጥዬዋለሁ።»

ጎረቤቶቿ ሁሉ ሳቁ። አክስቴ፣ «ተዪው፣ ጅብ እንዳይደፍረው ብሎ ነው እንደ ጅብ የታች ጥርስ ያበቀለው» አለች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ወደ እናቴ ስሄድ አውልቄ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ወደ አዲስ አበባ ልበር የጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ስደርስ ደግሞ እለብሰዋለሁ። ሁለት አፍ ያለው ሰው ሆንኩ።

በልማዱ ላይ ያለኝን አቋም ታውቃለህ። ለእኔ ሲወልቅ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በዚያ ቀን አብረውኝ ከተቀመጡት ሦስት ልጆች አንዱ ደሙ ቆሞለት መንጋጋው አበጠ፤ በአምስተኛው ቀን ሞተ። በምክር ቤቱ ተነሥቼ ልማዱ ይቅር ያልኩት አንብቤ ሳይሆን የዚያን ልጅ ፊት አይቼ ነው። ስለዚህ ፖስተር መሥራትህን አልቃወምም። እኔን ሳታስፈቅድ በግራ በኩል ማቆምህን ግን እቃወማለሁ።

ይባስ ብለህ ዓይኔ ላይ ጥቁር ወረቀት ለጥፈሃል። ሰው እንዳያውቀኝ ተጠንቅቀህ ነው፤ ይገባኛል። እናንተ ሰውን የምታውቁት በዓይኑ ነውና ዓይኑን ከሸፈናችሁ የደበቃችሁት ይመስላችኋል። ስንት ዓመት ከእኛ ጋር ኖርክ? እኛ ዘንድ ሰው ከሩቅ የሚለየው በግንባሩ ነው። ሦስተኛው መስመሬ ከቀኝ በኩል ይቆረጣል፤ የቆራጩ እጅ ተንቀጥቅጦ ነው። ይህን የማያውቅ ኑዌር በኒውላንድ የለም። ስሜን ብትጽፍበት ይሻል ነበር፤ ማንበብ የማይችለው እንኳ ያልፈው ነበር።

ኑዌሩ ብቻ አይደለም። ከወሎ በሰፈራ የመጣችው ባለ ሻይ ቤቷ ዘሃራ እንኳ ሻይ እየቀዳች፣ «መምህር፣ እዚያ ክሊኒክ በር ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለችኝ።

«በየትኛው በኩል?» አልኳት።

«እ... በሁለቱም በኩል ነው መሰለኝ።» ከዚያ ደንግጣ፣ «የግራው ነው ደስ የሚለው። የቀኙ ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ይመስላል» አለች። ያጽናናኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ኛጋይ ያየችው ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ የሥዕሉን ግንባር በጣታቸው እየነኩ «የተበላሸው አባትሽ መጣ» ይሏት ጀመር። አንዲቱን ልጅ መታቻት። ተጠርቼ ሄድኩ። ቤት ስንገባ ጠየቀችኝ።

«ባባ፣ አያቴም የተበላሸች ናት?»

«አይደለችም።»

«አንተስ?»

«ወረቀት ነው። ተይው።»

«የተጻፈ ነገር ነው» አለች። «ያልተጻፈ እንዳልተባለ ነው ብለኸኛል። ይሄ ግን ተጽፏል። ማን ነው የጻፈው?»

«በሪሁን ነው» አልኳት።

በማግስቱ ሄደች። ተከትያት ኢታንግ ስደርስ ከእናቴ ጋር ማሽላ ትፈትግ ነበር። እናቴ ቀና ሳትል፣ «እኔ አልጠራኋትም። የከተማ ልጅ ናት፣ ጥርሷን ይዛ ትኑር ብያታለሁ። አልሰማ ያለችው እሷ ናት። አባቷን የመሰለች» አለችኝ።

«ደም ይፈስሻል» አልኳት ልጄን። «የሞተ ልጅ አይቻለሁ። ስሙን ልነግርሽ እችላለሁ።»

«አውቃለሁ። ነግረኸኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንተን በግራ በኩል ብቻህን አቆሙህ» አለች። «እኔም እዚያ ልቁም።»

በሪሁን፣ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ በሁለት ቋንቋ ተከራክሬ የተሸነፍኩበትን ቀን አላስታውስም። በዚያ ቀን ግን ተሸነፍኩ። ቁጣዬን ሁሉ አንተ ላይ ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወረቀት አውጥቼ፣ በመጀመሪያ የጥፋትህን ቃል ልገልብጥ ብዬ ፖስተሩ ፊት ቆምኩ። «በጎጂ ልማድ ፊቱ የተበላሸ ሰው።» የማውቀውን ነገር እንደምጽፍ ነበር የጻፍኩት።

እዚህ ላይ ነው የተምታታብኝ። ፖስተሩ ከመታተሙ በፊት ረቂቁን አማርኛውን እንዳርምልህ አምጥተህልኝ ነበር። ፎቶ አልነበረበትም፤ ጽሑፍ ብቻ ነው። ያን ሰሞን ከየቢሮው ስንት ረቂቅ ይመጣልኝ ነበር! በቀይ እስክሪብቶ እንዳረምኩት አስታውሳለሁ። ከግራው መስመር ላይ አንድ ረዥም ነገር እንደሰረዝኩም ትዝ ይለኛል። «በልጅነቱ የታች ጥርሶቹ የወለቁለት ሰው» የሚል ነበር መሰለኝ። ጠርዙ ላይ «ረዝሟል፤ ኃይል የለውም» ብዬ የጻፍኩም ይመስለኛል። በምትኩ ምን እንደጻፍኩ ግን አላስታውስም። አንዳንድ ቀን በእርግጥ ያንተ ቃል ነው እላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ከነቅላቱ ይታየኛል። ያን ረቂቅ ሳርም ጥርሱ አፌ ውስጥ ነበር። ይህን ብቻ አልጠራጠርም።

ባለፈው እሑድ ተመልሼ ሄጄ ለኛጋይ ነገርኳት። «ቃሉ የእኔ ሳይሆን አይቀርም» አልኳት። አየችኝና፣ «እንድመለስ ብለህ ነው በራስህ ላይ የምትዋሸው» አለች። «አሳየኝ። በጽሑፍ።»

ቃሉ የእኔ መሆኑን ብታይ ትመለስ ይሆን? ወይስ ጨርሶ ከእኔ ርቃ በአያቷ በኩል ትቆም ይሆን? አላውቅም። የምትወልቅ ጥርስ የእሷ ናትና ስትወስን ግን ማን ምን እንዳለ ታውቅ።

አንተንም ልጠይቅህ። ቃሉ የእኔ ከሆነ ለምን ተቀበልከው? አፌን ታውቀዋለህ። ከኋላዬ ቆመህ ከንፈርህን ያጠፍክ ልጅ፣ በሰም የለካኸው አንተ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈውን አይተህ «መምህር፣ ይሄ እርስዎን ይነካል» ማለት አቃተህ? ወይስ መምህር ያረመው አይታረምም ብዬ እኔው ነኝ ያስተማርኩህ? ቃሉ ያንተ ከሆነ ደግሞ ያንተ መሆኑን ጽፈህ ፈርምበት።

የምጠይቅህ ሁለት ወረቀት ነው። አንደኛው፣ ቀይ ቀለሜ ያለበት ዋናው ረቂቅ፤ ግልባጩን አልቀበልም። ወረቀት የማትጥል ሰው እንደሆንክ አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ ያስለመድኩህ። ሁለተኛው፣ ምናልባት ሐሳቧን ባትቀይር፣ በእጅ ጽሑፍህ በግልጽ የተጻፈ ምክር፦ መሣሪያው ለስንት ደቂቃ ይቀቀል፤ ደሙ ካልቆመ ምን ይደረግ፤ መንጋጋዋ ማበጥ ከጀመረ በስንት ሰዓት ውስጥ የት ትድረስ፤ የትኛውን መድኃኒት ቀድሜ ልግዛ። ይህን መጠየቄ የተስማማሁ እንዳያስመስለኝ፤ አልተስማማሁም። ግን አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ባዶ እጄን አልቀመጥም።

በቃል የሚላክ መልእክት አልቀበልም፤ በስልክም አትደውል። ሁለቱም ወረቀት እስከ ጥር 15 ቀን 1988 ዓ.ም. በእጄ ይግባ።

መምህርህ
ቢየል ኮንግ