ሰዓዳን ከመመረቄ በፊት

ዘሃራዬ፣ ዓለሜ፣

አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። ከተለየሽን ሁለት ረመዳን አለፈ። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው፤ አትደንግጪ! የማታ ትምህርት ገብቼ ክፍሉን ሁሉ አስከነዳሁት። መምህሩ "እንዳንተ ያለ ተማሪ አላየሁም" ብሎኛል፤ በምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራውን አዲስ ቆርቆሮ አልብሼዋለሁ፤ ከሐይቁም ዓሣ ማውጣቴን አልተውኩም። የፈራሁት ለልጃችን ነው።

ሰዓዳ አረብ አገር በምታጸዳበት ሆስፒታል ተመርምራ ያንቺው በሽታ ተገኘባት። ስብ በደም ሥሯ ውስጥ እየተጋገረ የደሙን መንገድ ያጠብባታል፤ ከእናትሽ የወረስሽው ነው አሏት። አሁን ዘረ መልን የሚያርም መድኃኒት መጥቷል። አንድ ጊዜ በደም ሥር ተሰጥቶ ጉበት ይገባና ጥፋቱን ከሥሩ ያስተካክላል፣ ገና ግን በሙከራ ላይ ነው ይላሉ። አንዴ ከገባ አይወጣም። እሷ ደግሞ፣ "አባዬ፣ ሳትመርቀኝ አልወስደውም" አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? ቀለድኩ። "እኔን የመሰለ ጀግና የወለደሽ፣ ምን መድኃኒት ያሻሻል!" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ጎረቤቱን ለወዳጃ ጠርቼ ዱዓ አስደረግሁ። እንድሪስ፣ ያ የማያርፍ ጎረቤታችን፣ "አንተ ማዕበል አልፈራም ባይ፣ በሰው ክንድ የሚገባ መርፌ ያንቀጠቅጥሃል?" ብሎ አሳቀብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ትዝ ይልሻል፣ ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቁጭ እያልሽ፣ "ሐይቁን ልየው ብዬ ነው" የምትዪኝ? ደረትሽን በእጅሽ ይዘሽ። ትናንት ሰዓዳ ደረጃ እየወጣች ስታወራኝ ድምፅዋ ጠፋ። ቆይታ፣ "ኔትወርኩ ነው አባዬ" አለች። ትንፋሿን ግን ሰምቼዋለሁ። በሽታሽን ብቻ አይደለም፣ ውሸትሽንም ወርሳለች።

ብመርቃትና መድኃኒቱ ቢጎዳትስ? ባልመርቃትና እንዳንቺ ዳገት ላይ ብትቀርብኝስ? ማንን ልጠይቅ?

ዛሬ ከዐስር ሰላት በኋላ እደውልላታለሁ። ቀልድ የለም። እጄን ዘርግቼ፣ "ሂጂ ልጄ፣ አላህ ሺፋውን ያውርድልሽ፣ ቀባሪዬ ያድርግሽ" እላታለሁ። ድምፄ እንዳይከዳኝ አንቺም ዱዓ አድርጊልኝ።

አንቺን እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳሽም፤ በዚህ የሚበልጠኝ የለም። ሁለታችሁንም አጥቼ ማስታወስ ግን አልችልም።

ባልሽ ሙሄ