የልጄን ራስ ለሁለት ለከፈሉት ዶክተር

ለተከበሩ ዶክተር እሱባለው
የቆዳ ክሊኒክ ባለቤትና ኃላፊ
ጅማ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ አላህ ጤናዎንም ጸጉርዎንም እንዲጠብቅልዎ ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ እዚሁ ጅማ መርካቶ ጨርቅ የምሸጠው ዙቤይዳ ነኝ፤ ጸጉርዎን የሚያስተካክልዎ የኑሪ እህት፣ ጸጉሯ ክብ ክብ እየሠራ የሚረግፍባት የፈድሊያ እናት። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ በተራ ላቅርበው።

1ኛ. የገዛ ሰውነቷ የጸጉሯን ሥር እንደ ጠላት እየወጋው እንደሆነ፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ ስላስረዱን እናመሰግናለን። ጎረቤቶቻችን ማበጠሪያ ማዋስ ካቆሙ በኋላ ቢሆንም ደስ ብሎናል።

2ኛ. በቀኝ በኩል ስቴሮይድ የሚባለውን መርፌ፣ በግራ በኩል ደግሞ ከክንዷ ተቀድቶ በማሽን የተሽከረከረውን የራሷን ደም እየወጉ የትኛው እንደሚሻል ሲያወዳድሩ፣ ለእኛ ባለመንገር ከጭንቀት ስላዳኑን አላህ ይስጥልን። እኔ ሞኟ ሁለቱም አንድ ሕክምና መስሎኝ ነበር።

3ኛ. ቀኙ ማብቀሉን አይተን ግራውም ያንኑ መርፌ ያግኝ ብለን ስንለምንዎ፣ ንጽጽሩ ይበላሻል ብለው በትሕትና መለሱን። ሂጃብ ስለምትለብስ ማንም አያይባትም ማለትዎም አልቀረም። ኧረ ዶክተር፣ እሷስ ታያለች! ወላሂ፣ በየጠዋቱ መስታወት ፊት ስትቆም ከበር ኋላ ሆኜ አያታለሁ። ሰሞኑን ደግሞ የግራ ቅንድቧ መሳሳት ጀምሯል። ትናንት መስታወቱን ወደ ግድግዳ አዙራው አገኘሁት፤ ትምህርት ቤትም አልሄደችም።

ከየቡ ከተማ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡት እናቶች፣ እርስዎ ተራ ሲያስጠብቁን፣ የልጆቻቸውን ራስ ከልጄ ራስ ጋር አስተያይተው ጨርሰዋል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም ክሊኒክዎ እንመጣለን። ወንበር በማዘጋጀት አይድከሙ፤ ቆመን እንጠብቃለን። የምንፈልገው ቀኙን ያበቀለው መርፌ ለግራውም እንዲሰጥ ብቻ ነው፤ ሳይሰጥ የሚሄድ ሰው የለም።

ለእውቀትዎ ካለኝ ወሰን የሌለው አክብሮት ጋር፣
የቀኙም የግራውም እናት
ዙቤይዳ

ማስታወሻ፦ ኑሪ ጸጉርዎን አስተካክሎ ሲጨርስ የኋላውን መስታወት ማሳየት ለምን እንደተወ ገርሞዎት ይሆናል። ፈርቶ ነው። ከማጅራትዎ ከፍ ብሎ፣ ልጄ ላይ መጀመሪያ የወጣችውን የምትመስል ልሙጥ ክብ አለች፤ ባለፈው ደግሞ አጠገቧ ሌላ አየ። ሂጃብ ስለማይለብሱ ከልብ አዝናለሁ። የትኛውን ጎን ለንጽጽር እንደሚተዉት ሐሙስ ይነግሩናል።