ለእንግዳ ጀርባ አልሰጥም ያልከኝ

ሙሄዋ፣ የልጆቼ አባት፣

አላህ ይዘንልህ። ከተለየኸኝ ዓመት አለፈ። የማሽላው እሸት ደርሷል፤ እኛ ቤት ግን ገና አልተቀመሰም፣ ቀድሞ ቆርጠህ የምታመጣልን አንተ ነበርክ። ትልቋ ልጃችን ውጫሌ ዘመድ ቤት ተቀምጣ ትማራለች። አልጋህን ለጎረቤት ሰጠሁት። ማሳውን የሚያርስልን ወንድምህ ይመር ነው። ምሳውን በልጅ እልክለታለሁ እንጂ እኔ ቃል አልተነፈስኩለትም። ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

ጣራ ስትጠግን ወድቀህ ወገብህ የተመታ ጊዜ፣ ሆስፒታል ተኝተን ሳለ ሲስተሯ ክፍሉን ሁሉ ያስተማረችው እስካሁን በጆሮዬ አለ። ብዙ የተኛ ሰው አጥንቱ በሚጫንበት ቦታ፣ መቀመጫውም ሆነ ዳሌው ወይም ተረከዙ ላይ፣ ቆዳው ደም አጥቶ ይሞታል አለችን። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጡት፣ ስታነሱትም አትጎትቱት፣ አንሶላው አይጨማደድ፣ ቆዳው እርጥብ ሆኖ አይዋል። ከባቱ ሥር ትራስ አድርጉለትና ተረከዙ ፍራሹን አይንካ። የቀላ ቦታ ካያችሁ በጣት ጫን አድርጉት፤ ቅላቱ ካልጠፋ አትሹት፣ በዚያ በኩልም አታስተኙት፣ ቶሎ ንገሩን አለች።

አንተ ከሁላችን ቀድመህ ያዝከው። አዲስ በሽተኛ በገባ ቁጥር ካልጋህ ላይ ሆነህ «ተገላበጥ እንጂ ወንድሜ፣ ግንድ ነህ እንዴ?» ትለው ነበር። ገላዬ አይታይ ብሎ ያፈረውን ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልክ ትገስጸዋለህ። ክፍሉ በሙሉ «ሲስተር ሙሄ» ብሎ ሲጠራህ ኮራሁብህ። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ያታልለኛል ብዬ በምን ልጠርጥር?

ቤት ስንገባ ጠያቂው ጎረፈ። እስላም ክርስቲያኑ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። አልጋህ ግድግዳውን ተጠግቶ ስለነበር በግራ ጎንህ ሳስተኛህ ፊትህ ወደ ግድግዳው፣ ጀርባህ ወደ ሰው ሆነ። እምቢ አልክ። «አቀበት ወጥቶ ሊጠይቀኝ ለመጣ ሰው ጀርባዬን ልስጠው?» አልከኝ። አልጋውን ወደ መሃል እንሳበው ብልህ ሳቅህና «ያኔ ደሞ ግማሹ ይቀየመኛል» አልክ። እናም ቀኑን ሙሉ ትራስ ተደግፈህ ቁጭ ትላለህ፤ ቁልቁል ስትንሸራተት ይመር በብብትህ ይዞ ወደ ላይ ይጎትትሃል። ሰው «ማሻ አላህ፣ ተሽሎታል» ብሎ ሲሄድ ደስ ይልሃል።

እኔ አጨዳ ላይ ነበርኩ። ማታ ገብቼ ላገላብጥህ ስል «አብሽሪ ዘሙ፣ ይመር አሁን አገላብጦኛል» ትለኛለህ። ልብስህን ልቀይርልህ ስልም «እሱ ጉልበት አለው፣ አንቺ ደክመሻል» ትላለህ። አዘነልኝ ብዬ መረቅኩህ። ለካስ ይመር ቅላቱን አይቷል፣ ቁስሉ ሲከፈትም አይቷል። ዘሙ ካወቀች በሩን በሰው ላይ ትዘጋዋለች ብለህ እንዳይነግረኝ በአላህ አስምለኸዋል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሽታው ነገር ነው። ቤቱ ሲሸተኝ አይጥ ሞቶ ነው ብዬ ጎታውን ከቦታው አነሳሁ፤ አልጋህ ሥር ገብቼ በክርኔ ተሳብኩ። አንተ ከላይ ተኝተህ «በማዕዘኑ በኩል ፈልጊ» አልከኝ። ሙሄ፣ እንዴት አስቻለህ?

በመጨረሻ በግድ ገልጬ ሳየው የመቀመጫህ ቁስል ጣት የሚውጥ ጉድጓድ ሆኗል። መልሰን ሆስፒታል ወሰድንህ፤ መርዙ ደምህ ውስጥ ገብቶ ነበርና አልተረፍክም። ጀናዛህ ከቤት ሲወጣ ሽማግሌው እንደ ልማዱ «በድሏችሁ ከሆነ አፉ በሉት» ሲሉ አገሩ ሁሉ «አፉ ብለነዋል» አለ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጬ ዝም አልኩ። ሰው እስካሁን ስብራቱ ገደለው ይላል። የቁስሌን ነገር ለማንም እንዳትነግሪ ብለህ ቃል አስገብተኸኝ ስለነበር እኔም ይሁን ብዬ ከረምኩ።

በቀደም ለገበያ ሐይቅ ወርጄ ሲስተሯን አገኘኋት። በሽተኞቹን እኔ ከምነግራቸው አንቺ ብትነግሪያቸው ይሰማሉ፣ ሆስፒታል ነይልኝ አለችኝ። ስለ ባሌ ገላ በሰው ፊት ማውራት ከበደኝ፤ ላንተ የገባሁት ቃልም አለ። ግን አንተስ ለኔ የትኛውን ቃልህን ጠበቅህ? ሄድኩ። ስምህን ጠርቼ፣ አይጥ ፍለጋዬ ሳይቀር፣ ሁሉን ነገርኳቸው።

ከሐይቁ ዳር መንደር የመጡ አንድ ሽማግሌ ትራስ ተደግፈው፣ ጠያቂዎቻቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ሲሰሙኝ ቆዩ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው «አዙሪኝ» አሏት። ለጠያቂዎቻቸው «አፉ በሉኝ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡ። ማንም አልተቀየማቸውም። ሰዎቹ በርጩማቸውን አንስተው አልጋውን ዞረው በወዲያኛው ጎን ተቀመጡና ጨዋታቸውን ቀጠሉ።

ይኸው ነበር እኮ፣ ሙሄ! ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እኒያ ሰው የማያውቋትን ሴት ሰምተው ዞሩ፤ አንተ ግን እኔን ሚስትህን አልሰማህም።

ይመርን ምናልባት አናግረው ይሆናል፤ እሱን መሐላ አስሮት ነው። ላንተ ግን አፉ ብዬሃለሁ ብዬ አልጽፍም፤ ገና ከልቤ አልወጣልኝም፣ በእኔና በአንተ መሃል ደግሞ ውሸቱ ይበቃናል። ሲስተሯ በጠራችኝ ቁጥር እየሄድኩ አንተን አወራለሁ። ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ። የተቀየሙትን ሰው ማን ይረሳል?

የልጆችህ እናት፣
ዘሙ