ያለ ጄል የወጣ ሞገድ

ጥር 6፣ 2007
ዛሬም አልሆነም። ብር ሠሪው የሠራልንን ዝርግ የብር ቁራጮች የሚለጠጥ ላስቲክ ላይ ሰፍቼ ኤዶ ባቱሎ ክንድ ላይ አሰርኩ። (አብራኝ የምትሠራው ሂቦ በሶማልኛ "ኤዶ"፣ አክስቴ፣ ስለምትላቸው እኔም ለመድኩ።) ስክሪኑ ላይ ጫጫታ ብቻ... የጡንቻቸው የኤሌክትሪክ ሞገድ የታል? ከአዲስ አበባ የሚመጣልን፣ ሞገዱን ከቆዳ ላይ የሚይዘው ኤሌክትሮድ ጄል የሚባል ወፍራም ቅባት አለው፣ አንዴ ተለጥፎ ይጣላል። ሲያልቅ መጠበቅ ነው። የኛው ያለ ጄል እንዲሠራ፣ ታጥቦ ደግሞ እንዲያገለግል ነበር ሐሳቡ።
ኤዶ ከአይሱዙ ላይ ከወደቁ ወዲህ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም። "ልጄ፣ ሞቷል በይኝና ልረፍ" አሉ።

ጥር 7
ከሰዓት ስለማስተምር ሂቦ ለካች። ሞገዱ ጥርት ብሎ ወጣላት! ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ያው እጅ፣ ያው ብር። ጠዋት ለእኔ እምቢ ያለው ከሰዓት ለእሷ?
"ምን አድርገሽ ነው?"
"ምንም። አስሬ ለካሁ።"
ፈገግ አለች። ለምን ፈገግ አለች?

ጥር 8
እንደገና። ጠዋት የለም፣ ከሰዓት አለ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ይሁን የሂቦን ውጤት አይተው "ደገሀቡር ሆስፒታል እንልከዋለን" አሉ። ጄል ቀብታ ቢሆንስ? እዚያ ሄዶ እምቢ ቢልስ?

ጥር 12
ሂቦ ሻይ ልትጠጣ ስትወጣ ቦርሳዋን ከፈትኩ። ነጭ ቱቦ... ውስጡ ወፍራም፣ ጽሑፉ ዐረብኛ። አገኘሁሽ!
ወይስ...? አይ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ጥር 13
ለአቶ ይሁን ነገርኩ። ጠሯት። በሩ ዝግ ቢሆንም ድምፅዋ ይሰማል። "የእጅ ቅባት ነው! ብርዱ እጄን ሰነጣጥቆት እኮ ነው!" አላመኗትም። ከሥራው አስወጧት።
ወጥታ ፊቴ ቆመች። "ቀለምወርቅ፣ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"
ጠይቄሻለሁ አልኩ... በልቤ።

ጥር 14
ክፍለ ጊዜዬን ወደ ጠዋት አዛውሬ ከሰዓት ራሴ ለካሁ። እጄን በሳሙና ታጥቤ። ሌላ ሰው አጠገባችን የለም።
ሞገዱ ጥርት አለ። ፈትቼ እንደገና አሰርኩ። ያው!
"ኤዶ፣ ከሰዓት ሲመጡ ክንድዎን ምን ይቀባሉ?"
"ምን እቀባለሁ? የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግጄ መምጣት ነው።"
ዉዱእ... ከሶላት በፊት እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ፣ ሳይደርቅ እጅጌያቸውን ዝቅ አድርገው ይመጣሉ። የንጋቱን ዉዱእ ግን የጅጅጋ ንፋስ እኔ ጋ እስኪደርሱ ያደርቀዋል። ብሩ የፈለገው ትንሽ እርጥበት ነበር። ውሃ!
ልጮህ ዞርኩ። የሂቦ ወንበር ባዶ ነው።

ጥር 15
ጠዋት ክንዳቸውን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩ። ሠራ።
ለአቶ ይሁን ሁሉንም ተናገርኩ፣ ቦርሳዋን መክፈቴንም። መሬት መሬት አዩ። ደወሉላት፣ "ሌላ ሥራ ይዣለሁ" አለች። ቤቷ ሄድኩ። እህቷ በሩን ገርበብ አድርጋ "የለችም" አለችኝ። የሂቦ ድምፅ ግን ከውስጥ ይሰማል።

የካቲት 24
ላስቲኮቹ ደገሀቡር ከሄዱ ሰነበቱ። መጀመሪያ ቆዳውን በውሃ አብሱ ብለናቸዋል። እየሠራ ነው አሉ። ሪፖርቱ ላይ የሂቦን ስም ከስሜ አስቀደምኩ። ይበቃል? አይበቃም።
ዛሬ የኤዶ አውራ ጣት ተንቀሳቀሰ። ስክሪን አላስፈለገንም፣ በዓይናችን አየነው! አለቀሱ። "ለሂቦ ደውይላት፣ ትስማ" አሉኝ።
ደወልኩ።
"ሄሎ... ማን ልበል?"
ቁጥሬን አጥፍታዋለች። ስሜን ሳልናገር ስልኩን ለኤዶ ሰጠሁ። በሶማልኛ ብዙ አወሩ፣ ሳቁም። አንድም ቃል አልገባኝም። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ላስቲኩን ቀስ ብዬ ፈታሁ።