ምንም ያልሆነ የሚመስል ጥርስ

መጋቢት 9

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? አማቼ አስቀድመው ደውለው «መታጠቢያ ቤት ወደቀች» እንዳሉሽ ሰምቻለሁ። አልወደቅሁም። ባሌ መታኝ።

ያቺን ጥርሴን የማቃናባትን ፕላስቲክ ማስተካከያ ታስታውሻታለሽ? በስልክ ሳሳይሽ «እንዴ፣ ጭራሽ አትታይም እኮ!» ብለሽ የሳቅሽባትን። ራት ስለነበር አውልቄያት ነበር። እሷ ተረፈች፤ የፊት ጥርሴ ተሰበረ። ነርቩ ሞቶ ስለነበር ሥሩን ታከምኩ።

ባለፈው ሳምንት የተሰበረውን ጫፍ ላስሞላ ስሄድ ባሌም ተከትሎኝ መጣ። «የወንድሜ ሠርግ ደርሷል፤ ለፎቶው ቋሚውን የጥርስ ሽፋን ዛሬውኑ ይግጠሙላት» አለ። የጥርስ ሐኪሟ በመነጽራቸው አናት አዩትና ውጭ እንዲጠብቅ አደረጉ።

«መጀመሪያ የመጣሽ ቀን መዳፍሽን አይቼው ነበር፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። «የሚወድቅ ሰው እጁን ያስቀድማል። ያንቺ አልተላጠም።»

አፌን እንደከፈትኩ አለቀስኩ።

ቋሚውን እምቢ አሉ። ጥርሶቼ ገና እየተንቀሳቀሱ ነው፤ አሁን ሽፋን ቢገጠም በየተራ የምቀያይራቸው ቀሪዎቹ ማስተካከያዎች ልክ አይሆኑም፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ ይደረጋል። ለጊዜው ማስተካከያዋን ራሷን ቅርጽ ማውጫ አደረጓት፤ ለስላሳውን ሙሌት ውስጧ አድርገው ጥርሴ ላይ ጫኗትና በብርሃን አደረቁት። ሲያወልቋት ጥርሴ ልክ እንደ ድሮው ሆኖ ወጣ። መስታወት ሰጡኝ። ጠላሁት፣ እማዬ። ምንም ያልተደረግሁ እመስላለሁ።

«ሰው እንዳያውቅ አድርጌ ነው የሠራሁት» አሉኝ። «እንዲያውቅ ከፈለግሽ ደግሞ አፍ አለሽ።»

ስወጣ «አየሽ፣ ምንም አልሆንሽም» አለኝ ባሌ ፈገግ ብሎ። መጠበቂያው በሰው ሞልቷል። «ጥርሴን የሰበረው ይሄ ነው» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። እዚያው ትቼው ሄድኩ።

የላክሽውን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። «ምላስና ጥርስም ይጋጫል፣ ልጄ፤ ሽማግሌ ሲመጣ አታሳፍሪን» ትያለሽ። ይጋጫል። ግን ምላስ ጥርስ ሰብሮ ያውቃል? ሽማግሌዎቹ በከንቱ አይድከሙ። አልመለስም።

መልእክትሽ መሃል የአባዬ ሳል ይሰማል። ከዚያ በኋላ ድምፅሽ ሹክሹክታ ሆነ። ልጆች ሳለን ስትስቂ አፍሽን በመዳፍሽ ትሸፍኚ ነበር፤ እኛም «ዓይን አፋሯ» እያልን እንቀልድብሽ ነበር። ለምን እንደነበር አልጠይቅሽም።

የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ናት፤ መስኮቷም የሚያየው የጎረቤት ግድግዳ ነው። አልጋዋ ግን ሁለት ሰው ታስተኛለች፤ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል። ጉልበትሽ ደረጃ ስለማይችል ምድር ቤት ነው የመረጥኩት።

ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልኝ፤ መንገዱንም ያቅናልሽ። አባዬን ሰላም በይልኝ አልልሽም።

የምትጠብቅሽ ልጅሽ